ሚያዝያ 27 ቀን በኢትዮጵያ መንግሥት ታሪክ

አንድ መንግሥት በዕድሜው ብዙ ሺህ ቀኖችን ያሳልፋል፤ ከነዚህም ውስጥ ስማቸው በታሪክ መዝገብ ተለይቶ የሚጻፍላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የድል ቀን አለ፤ የሐዘን ቀን አለ፤ የንግሥና የሹመት ቀንም አለ። ነገር ግን አንዱ ዕለት ራሱ የሐዘንም የደስታም ቀን ሆኖ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሲመጣ ማየት በመንግሥታት ታሪክ ብርቅ ነገር ነው። ሚያዝያ 27 ቀን እንዲህ ያለ ዕለት ነው። በ1928 ዓ.ም. በዚህ ቀን የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. በዚሁ ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ ዋና ከተማቸው ገቡ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ልክ 5 ዓመት ነው፤ አንድ ቀን አይጎድልም፤ አንድ ቀንም አይተርፍም።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ቀኑ የሚታወሰው አብዛኛውን ጊዜ በሰልፉና በሰንደቅ ዓላማው ስለሆነ፣ ከሰልፉ በስተኋላ የነበረው የሕግና የአስተዳደር፣ የገንዘብና የንግድ ነገር ተረስቶ ይቀራል። ለአስተዳዳሪ ቀን ማለት ሥልጣን የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ወሰን ነው። ለነጋዴም ቀን ማለት ውል የሚጸናበት፣ ዕዳ የሚከፈልበት፣ ገንዘብ የሚለወጥበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ 27 ቀንን በዚህ ዓይን መመልከት ለሁለቱም ጠቃሚ መስሎ ይታየናል።

ስለ ቀኑ አቆጣጠር

አስቀድሞ ስለ አቆጣጠሩ ጥቂት መናገር ይገባል። የእኛ ሚያዝያ 27 ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ሁልጊዜ ሜይ 5 ቀን ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱ አቆጣጠሮች በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ስለሚዛነፉ ይህም ቀን የሚዛነፍ ይመስላቸዋል፤ ግን አይደለም። የእኛ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት መስከረም 1 ቀን ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሸጋገራል፤ የአውሮፓውያን ፌብሩዋሪ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት 29 ቀን ስለምትሆን ልዩነቱ በዚያ ይካካሳል። ስለዚህ መዛነፉ የሚታየው ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ወራት ብቻ ነው። በ1928 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን በሴፕቴምበር 12 ውሎ ነበርና፣ የኢጣልያ ጦር መረብን የተሻገረበት ኦክቶበር 3 ቀን በእኛ መስከረም 22 ሆነ፤ ሚያዝያ ሲደርስ ግን አቆጣጠሩ ተስተካክሎ ነበር። በሒጅራ የሚቆጥሩ የምጽዋና የአሥመራ ነጋዴዎች እንደሚያውቁት ግን፣ የጨረቃው ዓመት በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ የ1928ና የ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 በእነርሱ ወር በአንድ ቀን አልዋለም።

በኢጣልያ ዘመን ደግሞ አራተኛ አቆጣጠር ነበር። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሳቸውን ዓመት ስለሚቆጥሩ፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ ያ ቀን «5 ማጅዮ 1936፣ 14ኛ ዓመት» ተብሎ ይጻፍ ነበር። የሰውን አገር የያዘ ኃይል ከመሬቱ ቀጥሎ የሚይዘው ቀን መቁጠሪያውን ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.

መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተደረገው ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ፣ ወደ ዋናው ከተማ የሚወስደውን መንገድ ሊዘጋ የሚችል የተደራጀ ጦር አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በላሊበላ በኩል ተጉዘው በሚያዝያ ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ደረሱ። ከመኳንንቱ ጋር ምክር ከተደረገ በኋላ፣ ጉዳዩን በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ለማሰማት ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጂቡቲ ሄዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዙ። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ እንዲዛወርና ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ እንዲያስተዳድሩ ተደረገ። ይህ ነገር ትንሽ መስሎ ቢታይም በሕግ በኩል ትልቅ ነው፤ ከተማው ቢያዝም መንግሥቱ ፈረሰ ማለት እንዳልሆነ ያሳያልና።

በነዚያ ሦስት ቀኖች አዲስ አበባ አስተዳዳሪ የሌላት ከተማ ሆነች። የጦር መሣሪያ ቤቱ ተከፈተ፤ የግሪኮች፣ የአርመኖች፣ የሕንዶችና የዐረቦች ሱቆች ተዘረፉ፤ የገበያው ሰፈር ተቃጠለ። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተጠለሉ። ነጋዴ የሆነ ሰው ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሱቁ በር የሚጠበቀው በቁልፉ ሳይሆን ከበሩ ውጭ ባለው ሥርዓት መሆኑን ነው።

የኢጣልያው ማርሻል ባዶልዮ በዚያን ጊዜ ከ1,600 በላይ አውቶሞቢሎችና ካሚዮኖች አሰልፎ ከደሴ በመንገድ ላይ ነበር። ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በፍጥነት ለመጨረስ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ዝናብ ጣለ፤ በጣርማ በርም ኢትዮጵያውያን መንገዱን በድማሚት አፍርሰውት ስለ ነበር ሰልፉ እስኪጠገን ድረስ ቆመ። በእግራቸው የተጓዙት የኤርትራ ባታልዮኖች ከመኪናው ሰልፍ ቀድመው ወደ ከተማው ዳርቻ ደረሱ። ማርሻሉ ግን ከተማውን በሰልፍ የሚገባ እርሱ ራሱ እንዲሆን ስለ ፈለገ፣ ቀድመው የደረሱት በዳርቻው እንዲጠብቁ ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ባዶልዮ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ምሽት ሙሶሊኒ በሮማ ከፓላትሶ ቬኔትስያ ሰገነት ላይ ሆኖ ጦርነቱ ማለቁን ለሕዝቡ ተናገረ። ከአራት ቀን በኋላም የኢጣልያ ንጉሥ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ስም እንደ ጨመረ ታወጀ።

በዚህ ላይ ስለ ኤርትራ ሰው አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በዚያ ቀን ከከተማው ዳርቻ የቆሙት ወታደሮች የሐማሴንና የሰራዬ፣ የአከለ ጉዛይና የሌላም አውራጃ ልጆች ነበሩ። የጦሩ ስንቅና መሣሪያ በምጽዋ ወደብ ገብቶ፣ በባቡርና በመኪና፣ በኋላም 71 ኪሎ ሜትር በሚያህለው የአየር ገመድ ወደ አሥመራ የወጣ ነው። ከእነርሱ ወገን ደግሞ ኢጣልያን ትተው ወደ ኢትዮጵያ ጦር የገቡ ብዙዎች ነበሩ። ከዚህ ቀን 10 ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራትስያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የዚሁ አገር ተወላጆች ናቸው። አንድ ሕዝብ በአንድ ዘመን በሁለት ወገን መሰለፉ የዘመኑ መከራ ነው እንጂ ለማንም መፎካከሪያ ሊሆን አይገባውም።

አምስቱ ዓመታት

ኢጣልያ ከተማውን በያዘች ጊዜ አገሩን የያዘች መስሏት ነበር። በወረቀት ላይ ሁሉ ነገር የተሟላ ነበር፤ ኤርትራ፣ አማራ፣ ሐረር፣ ጋላና ሲዳሞ፣ ሶማሊያና አዲስ አበባ ተብሎ በስድስት ተከፍሎ «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪቃ» የሚባል አስተዳደር ተቋቋመ፤ ትግራይም ከኤርትራ ጋር ተደመረች። በገጠሩ ግን አርበኞች መሣሪያቸውን አላስቀመጡም። በሸዋ እነ ራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃምና በበጌምድር፣ በሌላውም አውራጃ ብዙ አለቆች ጠላት ከምሽጉና ከመንገዱ ርቆ እንዳይሄድ ከለከሉት።

በውጭ አገርም የሕግ ክርክር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ንግግር ቢያደርጉም፣ የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ የጣለውን የንግድ ቅጣት በሚቀጥለው ወር አነሣ። ብዙ መንግሥታት የኢጣልያን ድል አንዳቸው ፈጥነው፣ አንዳቸው ዘግይተው ተቀበሉ፤ እንግሊዝም በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተቀበለች። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ሜክሲኮ፣ ቻይናና ኒው ዚላንድ ግን አልተቀበሉም። በአዲስ አበባ አንድ አደባባይ በሜክሲኮ ስም መጠራቱም የዚህ ውለታ መታሰቢያ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.

በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ከጀርመን ጎን ሆና ወደ ጦርነቱ ስትገባ ነገሩ ተገለበጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በእስክንድርያ በኩል ወደ ካርቱም መጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ወሰኑን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ። ከሰሜን በኩል ከሱዳን የገባው የጄኔራል ፕላት ጦር በከረን ተራሮች ሥር ከባድ ጦርነት ካደረገ በኋላ መጋቢት 18 ቀን ከረንን፣ መጋቢት 23 ቀን አሥመራን፣ መጋቢት 30 ቀን ምጽዋን ያዘ። ከደቡብ በኩል ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር በሞቃዲሾና በሐረር አልፎ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአርበኞችና ከኮሎኔል ዊንጌት ጦር ጋር ደብረ ማርቆስ ደረሱ።

እንግዲህ ከተማው ከኢጣልያ እጅ የወጣው መጋቢት 28 ቀን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት ግን ከአንድ ወር በኋላ ነው። በዚህ መካከል የሆነው ምንድን ነው? በከተማው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የኢጣልያ ሲቪሎች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ነበሩ። የየካቲት 12 ቀን ደም ገና ያልደረቀበት ሕዝብ ይበቀላቸዋል ብለው የእንግሊዝ ሹማምንት ፈሩ፤ ስለዚህም የንጉሠ ነገሥቱ መግባት እንዲዘገይ አደረጉ። ንጉሠ ነገሥቱ በበኩላቸው ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው በደብረ ሊባኖስ በኩል ወደ እንጦጦ መጡ። በመጨረሻ የመግባቱ ቀን ጠላት ከገባበት ቀን ጋር ገጠመ።

በዚያ ቀን ዊንጌት በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ሰልፉን መራ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ክፍት በሆነ አውቶሞቢል ተከተሉ፤ ጠጉራቸውን ያሳደጉት የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በመንገዱ ዳር ቆሙ። በቤተ መንግሥቱ ጄኔራል ካኒንግሃም ተቀበላቸው፤ መድፍም ተተኮሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በተናገሩት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ በጠላት የተለመደውን ጭካኔ በጠላት ላይ እንዳይፈጽም አዘዙ፤ ቀኑም የአዲስ ዘመን መጀመሪያ መሆኑን ገለጹ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ግንቦት 30 ቀን የወጣው ጋዜጣ ስሙን «አዲስ ዘመን» ያለው ከዚህ ንግግር የተነሣ ነው። የተፈራው እልቂት አልደረሰም። በ1928 ዓ.ም. ለሦስት ቀን አስተዳዳሪ ያጣችው ከተማ በ1933 ዓ.ም. ጠላቶቿን ሳይቀር በሥርዓት ጠበቀች፤ ከሁለቱ ሚያዝያ 27 ቀኖች መካከል ትልቁ ልዩነት ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ አንዲት ቃል

በዚያ ቀን ሰንደቅ ዓላማው ቢሰቀልም፣ የሕጉ ነገር ገና አልተፈታም ነበር። የእንግሊዝ ጦር ከኢጣልያ የወሰደውን አገር የሚያስተዳድረው «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» በሚል ስም ነበር፤ ይህ ስም ለኤርትራና ለሶማሊያ ብቻ ሳይሆን ለኢትዮጵያም ይሠራ ነበር። ቃሉን በትርጓሜ ሥራ የሚያድር ሰው ቢመዝነው ክብደቱ ይታየዋል። «የተያዘ» ማለት ባለቤቱ ገና አልተመለሰለትም ማለት ነው፤ «የጠላት» ማለት ደግሞ የኢጣልያ ነው ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ስም ከሄድን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 27 ቀን የገቡት ወደ ራሳቸው አገር ሳይሆን ወደ ኢጣልያ አገር ነው ማለት ይሆናል።

ፈተናው ብዙ አልቆየም። ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 3 ቀን 1933 ዓ.ም. ሚኒስትሮቻቸውን ሾሙ። በዚያው ዓመት የውጭ ጉዳይ ሥራ የተሰጣቸው ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ታእዛዝ በኤርትራ በአከለ ጉዛይ የተወለዱ ሰው ናቸው። የእንግሊዙ ሹም ብሪጋዴር ለሽ ሹመቱን በሰማ ጊዜ፣ ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣናቸውን በሙሉ ሊይዙ እንደማይችሉ አስታወቀ። በመጨረሻም ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ፤ እንግሊዝ የኢትዮጵያን ነጻነት አወቀች፤ ነገር ግን ለአማካሪዎቿና ለወታደሮቿ ብዙ መብት አስቀረች። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ከነዚህ ብዙውን አነሣ፤ የኦጋዴንና የሐውድ ነገር ግን እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ ሙሉ በሙሉ አላለቀም።

የጦሩም ነገር ቢሆን በዚያ ቀን አላለቀም። የአውስታ መስፍን በአምባላጌ እጁን የሰጠው ግንቦት 11 ቀን ነው፤ የመጨረሻው የኢጣልያ ጦር በጎንደር የተማረከው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። የኢጣልያ የሰላም ውል በፓሪስ የተፈረመው ደግሞ የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ነው። በዚህ ውል ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነት አወቀች፤ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው አንቀጽ ግን የቀን አንቀጽ ነው፤ ኢጣልያ ለኢትዮጵያ ያለባት ኃላፊነት የሚቆጠረው ኢጣልያ ወደ ዓለሙ ጦርነት ከገባችበት ቀን ሳይሆን፣ መረብን ከተሻገረችበት ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሆን ተጻፈ። አንዲት ቀን በውል ውስጥ በትክክል መጻፏ ያምስቱን ዓመት ግፍ ሁሉ ወደ ሒሳቡ አስገባችው። ቀን መጻፍ የጸሐፊ ሥራ ብቻ ነው የሚል ሹም ካለ ይህን አንቀጽ ያስብ።

በኤርትራ በኩል

በኤርትራ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወሬው ደረሰ እንጂ ነገሩ አልደረሰም። ኢጣልያ ወድቃለች፤ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ግን «የተያዘ ግዛት» በሚለው ስም ለ11 ዓመት ያህል ቆየ። የኢጣልያ ሕግ ብዙው እንዳለ ነበር፤ በየጽሕፈት ቤቱም የቀድሞዎቹ የኢጣልያ ሠራተኞች ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት በ1943 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ መሠረት ኤርትራ መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች፤ ፌዴሬሽኑም በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ከብዙ ዓመት ጦርነት በኋላም ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ሆነች። እንግዲህ በመረብ ወዲህና ወዲያ ያለው ሕዝብ ከአንድ ጠላት ቢላቀቅም፣ የተላቀቀበት ቀን አንድ አልነበረም።

የነጋዴውን ሣጥን ብንመለከት ይህን ታሪክ በገንዘብ እናገኘዋለን። አስቀድሞ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር፤ ኢጣልያ ስትገባ ሊሬ መጣ፤ ኢጣልያ ስትወጣ የምሥራቅ አፍሪቃ ሽልንግ ተከተለ። በኢትዮጵያ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በ2 ሽልንግ ሒሳብ ተመነዘረ። በኤርትራ ግን ሽልንግ እስከ ፌዴሬሽኑ ድረስ ቆይቶ፣ የኢትዮጵያ ብር ከዚያ በኋላ ገባ። በ10 ዓመት ውስጥ ሦስትና አራት ዓይነት ገንዘብ የቆጠረ ነጋዴ፣ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሚከስረው ማን እንደ ሆነ ከማንም የታሪክ ጸሐፊ ይልቅ ያውቃል።

የበዓሉ ቀን

ከነጻነት በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን በኢትዮጵያ የድል በዓል ሆነ፤ በአዲስ አበባ አራት ኪሎ የሐውልቱ አደባባይ በዚህ ቀን ስም ተሰየመ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ግን የቀኑም ዕድል ተለወጠ። በደርግ ዘመን በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ቀን ተዛወረ፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መጋቢት 28 ከተማው ከጠላት የጸዳበት ቀን ነው፤ ሚያዝያ 27 ግን የንጉሡ መግቢያ ቀን ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በዓሉ የአርበኞች ቀን ተብሎ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

በሁለቱም ወገን የሚቀርብ ክርክር አለ። መጋቢት 28ን የሚመርጥ፣ ነጻነት ከንጉሥ መምጣት ጋር መታሰር የለበትም ይላል። ነገር ግን በመጋቢት 28 ቀን ወደ ከተማው የገባው ጦር በእንግሊዝ አዛዥ የሚመራ የሌላ አገር ጦር ነው፤ የተከለውም አስተዳደር ኢትዮጵያን «የጠላት ግዛት» ብሎ የጠራው ነው። በሚያዝያ 27 ቀን ግን የአገሩ ሰው በአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ አርበኞቹን በግራ በቀኝ አሰልፎ ገባ፤ ከ6 ቀን በኋላም የራሱን ሹማምንት ሾመ። በእኛ አስተያየት ቀኑን ለበዓል የሚያበቃው የገባው ሰው ማንነት ብቻ አይደለም። ለአምስት ዓመት ከጫካ ያልወጡት ባይኖሩ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የሚገቡበት መንግሥት አይኖርም ነበር፤ የእንግሊዙም ስም ተጣብቆ በቀረ ነበር። ስለዚህ በዓሉ በአርበኞች ስም መጠራቱ ትክክል ነው።

ሆኖም ሚያዝያ 27ን የሚያከብር ሰው ግማሹን ብቻ እንዳያከብር ይጠንቀቅ። የ1933ቱን ሰልፍ አስቦ የ1928ቱን የሚረሳ፣ ከተማይቱ ጠላት ሳይገባባት ለሦስት ቀን በራሷ ሰዎች የተዘረፈችበትን ምክንያት ሳይጠይቅ ይቀራል። የ1928ቱን ብቻ የሚያስብ ደግሞ የተያዘ አገር ሁሉ ጠፍቶ ይቀራል ብሎ ይሳሳታል። አስተዳዳሪው በሚያዝያ 27 ቀን ሁለቱንም ዓመት በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ነጋዴውም እንደ ሒሳብ ደብተሩ አንዱን በወጪ፣ ሁለተኛውን በገቢ ያግባ። በመካከሉ ያለው አምስት ዓመት የተከፈለው ዋጋ ነው።